በኋላ አስታውሰኝ

ኅዳር 3
ዛሬም ያው። ፎቶ ኮፒ፣ የሥራ ማመልከቻ፣ የጠፋ መታወቂያ ማስታወቂያ... ከደባርቅ መናኸሪያ ወደ ሱቄ የሚመጣ ሰው ሁሉ ችኩል ነው። አንዱ የሚኒባስ ሾፌር "ሸጊቱ፣ ማሽንሽም እንዳንቺው እንቅልፋም ነው" አለኝ። ሳቅኩ እንጂ እውነቱን ነው።

ያ ጽሑፍ ደግሞ ስክሪኑ ላይ ብቅ አለ። ትልቁ አፕዴት እየደረሰ ነው፣ ተዘጋጂ ይላል በእንግሊዝኛ። ከሥሩ ሁለት ምርጫ፦ አሁን፣ ወይም በኋላ አስታውሰኝ። እንደ ወትሮዬ በኋላ የሚለውን ተጫንኩ። ከመስከረም ወዲህ ስንት ጊዜ?

ምስክር ከጎንደር ደወለ። ኮምፒውተሬን የሚጠግንልኝ እሱ ነው። "ድሮ ሰርቪስ ፓክ የምንለው ዓይነት ነው፣ ይሄኛው ግን ይብሳል። ቤት አፍርሶ እንደ መሥራት በይው።" ያለ አፕዴቱ የመሥሪያ ቤቶቹ አዲስ ፎርም አልከፈት ብሎኛል፣ ደንበኛ እየሸሸኝ ነው። በእኛ ኔት ሳምንት ስለሚፈጅ ምስክር በዲስክ ይዞልኝ ይመጣል፣ በወሩ መጨረሻ። ስልኩን ሊዘጋ ሲል "ያ የአማርኛ መጻፊያሽ አርጅቷል፣ አዲሱ ላይ መሥራቱን እንጃ" አለ። እኔ ደግሞ ስንት ነገር በሱ ነው የጻፍኩት።

ኅዳር 6፣ ቅዳሜ
አያ ላቀው ከዳባት መጡ፣ እንደ ሁልጊዜው በገበያ ቀን። የእናቴ አጎት ናቸው። ዘር ቆጣሪ። በዚህ አካባቢ ልጅ ከመዳሩ በፊት እስከ ሰባት ቤት ዝምድና አለመኖሩን የሚያረጋግጡት እሳቸው ናቸው። አውራ ጣታቸውን በጣቶቻቸው አንጓ ላይ እያሳረፉ፣ በአንዱ አንጓ አንድ ትውልድ።

የሚያውቁትን የዘር ሐረግ ሁሉ ሦስት ዓመት ሙሉ እየነገሩኝ ጻፍኩት። ስልሳ አንድ ገጽ፣ በዚያ በአሮጌው መጻፊያ። እንዳላትመው አስምለውኛል። "ወረቀት ላይ ከወጣ የመሬት ሙግት ይሆናል። የማን አያት ያለ አባት እንደተወለደ ሁሉ አለበት። ከማሽኑ እንዳይወጣ፣ ልጄ።" በሚካኤል ማልኩ።

ለማንም ያልነገርኩት ነገር... አያ ላቀው እየረሱ ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ በሩን ገርበብ አድርጌ ከስክሪኑ አነብላቸዋለሁ። ከዚያ ወጥተው እንደ ጥንቱ ይቆጥራሉ። ሰዉ "ወይ አእምሮ!" ይላል። ዛሬ የገዛ አያታቸውን ስም ሁለት ጊዜ ጠየቁኝ።

ስለ አፕዴቱ ልነግራቸው ነበር። ደክሟቸዋል። በኋላ እነግራቸዋለሁ።

ኅዳር 11
ስልሳ አንዱንም ገጽ ፍላሽ ላይ ገለበጥኩት። መሐላዬን አፈረስኩ ማለት ነው? ከማሽኑ ወጣ... ግን ወረቀት አይደለም። ሳይቃጠል በቅጠል ነው። ነገ ሚካኤል ነው፣ ጧፍ አስገባለሁ።

ኅዳር 17
ማሽኑ ሳይነካ እኔ ታመምኩ። ፍላሹን በቀን ሦስት ጊዜ ከመሳቢያ አውጥቼ አያለሁ። ምን ያስፈራኛል? ፍላሹ አለ አይደል?

ኅዳር 24
ምስክር ጠዋት ደረሰ። ዲስኩን ሰካ፣ ስክሪኑ ሰማያዊ ሆነ። ኮምፒውተሩን እንዳታጠፉ ይላል። ሠላሳ ፐርሰንት። ሃምሳ። ስልሳ ሁለት ላይ መብራት ሄደ። ደባርቅ አይደል!

"ዩፒኤስሽስ?" አለ።
"ባትሪው ከሞተ ዓመት አለፈው።" መብራት ሲሄድ ማሽኑን የሚያቆየውን እሱንም በኋላ እገዛዋለሁ ስል።

ከሰዓት መብራቱ ሲመጣ ማሽኑ አልነሳ አለ። "ጠርጌ እንደ አዲስ ልጫነው። ፋይልሽን አውጥተሻል?" በኩራት ፍላሹን አሳየሁት። "ጎበዝ!" ብሎ ጠረገው።

አዲሱ ሲነሳ ያምራል፣ አልዋሽም። ፍላሹን ሰካሁ። ፋይሉ ተከፈተ፣ ስልሳ አንድ ገጽ፣ አንዱም አልጎደለ። የሚነበብ ፊደል ግን የለውም። የፈረንጅ ፊደል፣ ቅንፍ፣ ነጥብ፣ የዶላር ምልክት ዝብርቅርቅ። አሮጌው መጻፊያ አዲሱ ላይ አልጫን አለ፣ ያለ እሱ ደግሞ የጻፍኩትን የሚያነብ የለም። ያተረፍኩት ቅጂም የማይነበብ ሆነ! የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል።

"ጎንደር መጻፊያው ያለበት አሮጌ ማሽን አፈላልጋለሁ" ብሎ ፍላሹን ይዞ ሄደ። ዓይኔን አላየም።

ኅዳር 27፣ ቅዳሜ
አያ ላቀው መጡ። "አንብቢልኝ" አሉ። መብራት የለም አልኳቸው። አምፖሉ አናታችን ላይ ቦግ ብሎ እየበራ! ዓይናቸው ደክሟል፣ አያዩም ብዬ ነው። "ይሁን" ብቻ አሉ። እኔ ደግሞ፣ ምን ዓይነት ሰው ነኝ?

ታኅሣሥ 6
እትዬ ገበያነሽ ሱቅ ድረስ መጡ። ልጃቸው አበባ ለየሺዋስ ልትዳር ነው፣ በሊማሊሞ መንገድ በአይሱዙ መኪና ለሚመላለሰው። ሠርጉ ከጥምቀት በኋላ ነው። ከአበባ ጋር እኮ አንድ ወንበር ላይ ተቀምጠን ነው የተማርነው።

"የንስሐ አባታችን ያለ ቆጠራ አይሆንም ብለዋል። አያ ላቀውን ለቅዳሜ ያዢልኝ።"

እውነቱን ልናገር አፌን ከፈትኩ። የወጣው "እሺ" ነው።

ምስክር ጋ ደወልኩ። ገና አላገኘም።

ታኅሣሥ 11
ሁለቱም ወገን በእትዬ ገበያነሽ ግቢ ተሰበሰበ። አያ ላቀው የወንዱን ወገን ሳይደናቀፉ ቆጠሩት። አምስተኛው ጀምበሩ፣ የደረስጌው። ሰባት ሞላ። ቀጥለው የሴቷን ወገን ጀመሩ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት... አውራ ጣታቸው አምስተኛው አንጓ ላይ ቆመ። ቀረ። ወደ እኔ ዞሩ።

አላስቻለኝም። "ገዱ" አልኩ።

"ገዱ!" አሉና የገዱን አባትና አያት አስከትለው ቀጠሉ። ሰባት ሞላ፣ አንድም ስም አልገጠመም። እልልታው ቀለጠ። አበባ አቅፋ ሳመችኝ።

ከአፍ ከወጣ አፋፍ። ገዱን ከየት አመጣሁት? የጻፍኩት እኔ ነኝ፣ ማስታወስ አለብኝ። እርግጠኛ ነኝ። አይደለሁም።

ታኅሣሥ 23
አበባ የሠርግ መጥሪያ ልታሠራ መጣች። በአዲሱ ማሽን ጻፍኩላት። መቶ ሃምሳ ካርድ፣ ጥር 17 ቀን፣ እሑድ። "ምነው ሸጊ፣ ደስ አላለሽም?" አለችኝ። ቀለም አልቆ ነው አልኩ።

ጥር 5
ምስክር አገኘ! መጻፊያው ያለበት አሮጌ ማሽን አንድ ወዳጁ ጓዳ ውስጥ ተቀምጦ ነበር። ሁሉንም በየትኛውም ማሽን የሚነበብ ፒዲኤፍ አድርጎ ላከልኝ። የእነ አበባን ገጽ ከፈትኩ።

አምስተኛው ገዱ አይደለም። ጀምበሩ ነው። የደረስጌው። በሁለቱም ወገን ያው አንዱ ጀምበሩ። ልጆቹ አምስት ቤት ላይ ይገናኛሉ። የእኔው ገዱ ገጽ 41 ላይ የሌላ ሰው ቅድመ አያት ሆኖ ተቀምጧል።

ማን ያውቃል? ምስክር ፋይሉን ላከ እንጂ አላነበበውም። አያ ላቀው ረስተዋል። እኔ ብቻ። ይዋደዳሉ ደግሞ። ዝም ብልስ? ከጥምቀት በኋላ ላስብበት...

ደግሞ በኋላ! ይሄን ቃል ከአፌ የሚነቅልልኝ ማን ነው?

ጥር 6
ሱቁን ዘግቼ ዳባት ሄድኩ። አያ ላቀው ከበራቸው ላይ ፀሐይ ይሞቃሉ። ሁሉንም ነገርኳቸው፣ አፕዴቱን፣ ፍላሹን፣ ገዱን። አለቀስኩ።

ከዚያ "መብራት የለም ያልሽኝ ቀን አምፖሉ ይበራ ነበር" አሉ።

"ታዲያ ለምን ዝም አሉ?"

"አንቺም ስረሳ እያየሽ ዝም ትዪኝ አልነበር?"

ጥፋቱ የእኔ ነው፣ ለሁለቱም ወገን እኔው እነግራቸዋለሁ አልኩ። እምቢ አሉ። "ስሙ የጠፋኝ እኔ፣ በሰው ፊት የምቆመውም እኔ። አትሚው።"

"መሐላውስ?"

"ያስማልኩሽ እኔ። ፈታሁሽ።"

ጥር 8
ያው ግቢ፣ ያው ሰዎች። አያ ላቀው በዱላቸው ተደግፈው ቆሙ። "ወገኖቼ፣ እኔ ረስቻለሁ። ከዛሬ ጀምሮ የምትቆጥር እሷ ናት" አሉ። ይሄን አልነገሩኝም ነበር።

ያተምኩትን አነበብኩ። ጀምበሩ ጋ ስደርስ አንድ ሰው "ኧረ በሕግ!" አለ። የሺዋስ ተነሥቶ ወጣ። እትዬ ገበያነሽ ነጠላቸውን ፊታቸው ላይ ጣሉ።

አበባ ብቻ ቀርባ ጠየቀችኝ። "ካርዱን ስትጽፊልኝ ታውቂ ነበር?"

"እጠራጠር ነበር።"

"እጠራጠር ነበር..." ብላ ደገመችው። ወደ ቤት ገባች። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

ጥር 9፣ ቅዳሜ
አያ ላቀው መጡ። በሩን ገርበብ አላደረግሁም። ሁለት ወንበር ደጅ አወጣሁና ወረቀቱን ጭኔ ላይ ዘረጋሁ። ገበያተኛው ቆም እያለ ያዳምጣል።

እሳቸው ግን ወረቀቱን ከእጄ ወስደው ገለበጡት። የእኔን እጅ ያዙና አውራ ጣቴን በራሴ ጣት አንጓ ላይ አሳረፉ። "ሳታዪ" አሉ። "ከእነ አበባ ጀምሪ።"

ከእነ አበባ? በዛሬው ቀን? ጀመርኩ። አንድ። ሁለት። ሦስት። አራት።

አበባ ከመንገዱ ማዶ ዘንቢል ይዛ ስታልፍ አየኋት። አየችኝ። ሰላም አላለችኝም። አውራ ጣቴ አምስተኛው አንጓ ላይ ቆመ።

"አምስተኛው?" አሉ አያ ላቀው። እሳቸው አያውቁትም፣ ከእኔ ነው የሚጠብቁት።

"ጀምበሩ" አልኩ፣ እንድትሰማኝ ጮክ ብዬ።