በዓመት አራት ጊዜ የወለደው ሽማግሌ

ለተከበሩ የድንገተኛ ጥሪ ማዕከል ኃላፊ

ክቡር ሆይ፣ ጤናዎ እንደምን ሰንብቷል? እኔ ከብልባላ በላይ ካለችው መንደር፣ ከፋለ ነኝ። እግዜር ከክፉ ይሰውርዎ፤ ምናልባት ቢያምዎ እንኳ በእጅዎ ያለው ስልክ ያልታገደ ይሁንልዎ።

ሰው ሠራሽ አስተውሎት የተባለው ብልህ መሣሪያ ጥሪ እንዲቀበል፣ ማዕከሉንም ከሳይበር አጥቂዎች እንዲጠብቅ ማድረግዎን በሬዲዮ ሰምተን ደስ ብሎን ነበር። እንግዲህ ለዋለልን ውለታ በተራ በተራ ላመስግን።

፩ኛ. በመንደራችን ኔትወርክ የሚይዘው ከተራራው ተረተር ጫፍ ብቻ ነው፤ ለዚያ የሚቀርበው የኔ ቤት ነው፤ የመንደሩ ስልክም የኔው ናት። ምጥ የያዛትም፣ ከገደል የወደቀም፣ በሬ የወጋውም የሚያስደውለው በኔ ነው። ቀድሞ ጥሪ ትቀበል የነበረችው ፀደይ ድምፄን ለይታ፣ ጋሼ ከፋለ ዛሬ ደግሞ ማን ታመመብን ትለኝና አምቡላንሱን ትልክልን ነበር። እርሷን አንሥተው ከሰው የሚበልጥ ስላስቀመጡልን ምስጋናዬ የላቀ ነው።

፪ኛ. መሣሪያው የጥሪ መዝገቤን አገላብጦ፣ አንድ ሰው በአንድ ዓመት አራት ጊዜ ምጥ ሊይዘው፣ ሁለት ጊዜ እግሩ ሊሰበርና ሦስት ጊዜ በሬ ሊወጋው እንደማይችል ደርሶበታል። እውነቱን ነው፤ እኔም በስልሳ ስምንት ዓመቴ አንድም ቀን ምጥ ይዞኝ አያውቅም። ስለዚህ ሐሰተኛ ደዋይ፣ ምናልባትም አጥቂ ነው ብሎ ቁጥሬን ዘግቶታል። ይህንን ኋላ ቢሮዎ ድረስ በእግሬ ሄጄ ስጠይቅ፣ የአብስራ የተባለው ባለሙያዎ በትሕትና አስረድቶኛል። ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት እንደሚባል፣ እኛ ዘንድም ሰው ለሰው እንደሚደውል ግን ለመሣሪያው የነገረው አልነበረም።

፫ኛ. ይህ ስለ ልጄ ስለ ዳግማዊት ነው። የጊዮርጊስ ዕለት ጧት እኔ ቤት ወለደች፤ ደሟ ግን አልቆም አለ። ተረተሩ ላይ ወጥቼ ሦስት ጊዜ ደወልሁ። ሦስቴም ያ ለስላሳ ድምፅ፣ ቁጥሬ ለማዕከሉ ደህንነት ሲባል መታገዱን ነገረኝ። ጎረቤት ተጠራርቶ በቃሬዛ ተሸከምናት፤ ከመኪናው መንገድ ሳንደርስ አረፈች። ክቡር ሆይ፣ አንጀቴ አሯል፤ ለዚህ የሚሆን ጨዋ ቃል ብፈልግ አጣሁ። ማዕከልዎ ግን ያን ዕለት ከኔ ተጠብቆ በሰላም ውሏል፤ እንኳን ደስ አለዎ።

ሕፃኗ ደህና ናት፤ በፍየል ወተት እያሳደግናት ነው። ስታድግ ማዕከልዎ ያን ዕለት ከማን እንደተጠበቀ እነግራታለሁ።

ከታላቅ አክብሮት ጋር እጅ የምነሣ፣
የማዕከልዎ አጥቂ፣ የዳግማዊት አባት
ከፋለ

ማስታወሻ፦ በአርባዋ ዕለት፣ ሰው ለተዝካሯ ተሰብስቦ ሳለ፣ ቁጥሬ እንደተከፈተ የሚገልጽና ከእንግዲህ እውነቱን ብቻ እንድናገር የሚመክር መልእክት ከማዕከልዎ ደረሰኝ። ምክርዎን ተቀብያለሁ። በዚያች ስልክ ዋሽቼ አላውቅም፤ በስልኳ ሰበብ የዋሸሁት አንድ ቀን ብቻ ነው። ያን ጧት ከተረተሩ ስወርድ ዳግማዊት ዓይኗን ገልጣ፣ «አባዬ፣ አነሡልህ?» ብትለኝ፣ «እየመጡ ነው» ብያታለሁ።