«ዐረቢያ ሰጡኝ»

አርብ ጥር 10፣ 94። ጠዋት 3 ሰ.

አሁን ገባሁ። የመኪናዬን ካንዴላዎች ትናንት ፈትቼ በሽቦ ብሩሽ አጽድቻቸው ነበር። ዛሬ ሞተሩ ሳያስለምነኝ ተነሳ። ከከተማው ወጣ ብሎ እስካለው ሶባ ደርሼ መልስ። የሸራ ጣራዋን አጥፌ። ብርድ ነበር፣ እንደ ሱዳን ሴቶች የተከናነብኩትን የቶቤን ጫፍ በጥርሴ ይዤ ነው የነዳሁት። ከሦስተኛ ወደ አራተኛ ማርሽ ስትገባ ድምጿ ይወፍራል። ያን ጊዜ ስለ ምንም አላስብም። ደብተሬ፣ በሳምንት ውስጥ ስለ ምንም የማላስብበት ሰዓት ይኸው ብቻ ነው።

ስመለስ ትራፊክ አስቆመኝ። ወረቀቷን አየ፣ ስሜን አየ፣ እኔን አየ፣ እንደገና ስሜን። ሐበሺያን ከእንዲህ ያለች የጣልያን መኪና ጋር ምን አገናኛት ነው ነገሩ። ማሻአላህ ብሎ ለቀቀኝ። ለምጄዋለሁ።

ቤት ስደርስ ኢልሃም ተነስታ ቁርስ ትጠብቃለች። የሟቹ ጌታዬ የኡስታዝ ልጅ ናት፣ አሁን እመቤቴ እሷ ናት። ከመኪናዬ ወርጄ ሽንኩርት መክተፍ ጀመርኩ። እሷም አልሳቀች፣ እኔም አልሳቅሁ።

እሑድ ጥር 12፣ ከሰዓት

ሰዓዳ መጥታ ዋለች። የአገሬ ልጅ ናት፣ የሐይቅ። እዚሁ አል-ጣኢፍ ሰፈር ሰው ቤት ትሠራለች። ጌታዋ አሮጌ መኪና ይሰበስባል፤ የኔዋን ሰምቶ ትሸጥልኝ እንደሆነ ጠይቂያት ብሎ ልኳታል። ሰዓዳ እንደ ልማዷ ናት፦ «ሁለት ሰው ብቻ የምትይዝ ዐረቢያ ምን ትሠራልሻለች? ቤንዚን ጠጪ! ያላ፣ ሽጫትና ተገላገዪ።» ላህያ ማር አይጥማት አልኳት። ተሳሳቅን።

አልተቀየምኳትም። እኔም መጀመሪያ ሲሰጡኝ ያሰብኩት እንደዚያው ነበር።

ኡስታዝ የምላቸው ለክብር ነው እንጂ መሐንዲስ ነበሩ። ጣልያን አገር ተምረው ሲመለሱ ነው ያመጧት። እዚህ ሱዳን፣ ሪያድ ከሚባለው ሰፈር ቤታቸው በገባሁ በሁለተኛው ዓመት፣ አንድ ጠዋት ኮፈኗን ከፍተው ብቻቸውን ሲነታረኩ ደረስኩ። ካንዴላው ነው አልኳቸው። ደነገጡ። ጣልያንኛ የት ተማርሽ አሉ። ጣልያንኛ አይደለም፣ አማርኛ ነው አልኩ። ካንዴላ፣ ፍሪሲዮን፣ ኮፈን፣ ክሪክ፣ ቸርኬ። አባቴ የጭነት መኪና ሾፌር ነበር፣ በነዚህ ቃላት ነው ያደግሁት። እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ። በኋላ ዓይናቸው ሲደክም መንዳት ያስተማሩኝ ለዚህ ይመስለኛል፤ በቤቱ ውስጥ የመኪናዋን ቋንቋ የሚያውቅ ሌላ ሰው አልነበረም። አርብ አርብ እሳቸው ጎኔ ይቀመጣሉ፣ እኔ እነዳለሁ። ሊሞቱ ሲሉ መኪናዋን ለኔ፣ ለዘሃራ ብለው አጻፉ። ኢልሃም አላንገራገረችም። ራሷ መሩር ወስዳኝ፣ የትራፊኩ መ/ቤት በስሜ አዞረልኝ።

ሐሙስ ጥር 16

ደብዳቤ ከሐይቅ። ፖስታው ላይ «ለሐጂያ ዘሃራ» ይላል። የሌላ ሰው ነው ብዬ ልመልስ ስል የወንድሜን የሁሴንን እጅ ጽሑፍ አወቅሁት።

ሁለት ጊዜ አነበብኩት። በኅዳር ጽፌላቸው ነበር፦ ኡስታዝ አረፉ፣ ዐረቢያ ሰጡኝ። እዚህ መኪና ማለት ዐረቢያ ነው። አሥራ አራት ዓመት ሙሉ፣ ከዚህ ደብተር በቀር፣ መኪና ብዬ አላውቅም፣ እጄም እንደ አፌ ጻፈ። እነሱ ዘንድ ግን አረቢያ፣ አረቢያ ነው። መካ ያለችበት። ሁሴን እንደጻፍኩት አነበበ፣ እማ እንደሰማችው ሰማች። ደጉ ሱዳኒ ለልጄ የሐጅ ጉዞ ሰጠልኝ ብላ፣ ወዳጃ ተቀምጣ፣ ያላትን አንድ ሙክት አርዳ፣ ቀዬውን ጠርታ ዱዓ አስደርጋለች። ካፍ ከወጣ አፋፍ። ገና ሳልሄድ የሐጂያ እናት ነው የምትባለው ይላል ሁሴን። ሴቶቹ ሲሰበሰቡ ከፊት ያስቀምጧታል።

ብቻዬን ሳቅሁ። ከዚያ ሙክቱ ትዝ አለኝ።

ቅዳሜ ጥር 18

ስልክ ቤት ሄድኩ። እውነቱን ልነግራት ነበር። ሐይቅ ቴሌ ደውዬ አስጠራኋት፣ ከአንድ ሰዓት በኋላ መልሼ ደወልኩ። እማ ብቻዋን አልመጣችም። ድምፄን እንደሰማች እልል አለች፣ ከኋላዋ ሌሎች ተቀበሉ። አፌን ሳልከፍት ስልኩን ለጎረቤቶቿ አቀበለች። እቴ ከድጃ፦ ልጄ መውለድ አልቻለችም፣ ካዕባ ስትደርሺ ስሟን ጥሪልኝ። አባ ይማም በባሕር የሄደ ልጁ በሕይወት ካለ ድምፁን ያሰማው። አንዲቱ ዓይኗ እንዲድንላት። አንዱ ከወንድሙ ጋር እንዲታረቅ። ሁሉም አደራ አሉኝ። እኔ ሞኟ ስማቸውን ደረሰኙ ጀርባ ላይ እጽፋለሁ!

እዚህ አገር አደራ የሚለኝ ሰው የለም። ቃሉ እንደሚከብድ ረስቼው ኖሯል።

እማ ለራሷ ምንም አላዘዘችኝም። ደስ ብሏታል፣ በቃ። አባቴ ከሞተ ወዲህ እንዲህ ስትስቅ ሰምቻት አላውቅም። አፍሬ ወጣሁ።

ማክሰኞ ጥር 21

ነገርኳት። ዛሬ ከሁሴን ጋር ብቻዋን እንድትመጣ አስደርጌ። እማ፣ ዐረቢያ ማለት እዚህ መኪና ማለት ነው። ሐጅ የሰጠኝ የለም።

መጀመሪያ የጠየቀችው ስንት ሰው ትጭናለች ነው። ሁለት። እህልስ? አትጭንም። ታዲያ ለምንሽ ናት? መንዳት ደስ ይለኛል ማለት አሳፈረኝ፣ እንዲያው ነው አልኳት። እሷ ወዲያው መላውን አገኘች። ትሸጥ። በገንዘቡ ሐጅ ሂጂ። አረፋ ገና ሦስት ሳምንት አለው። እኛ አልዋሸንም፣ ቀደምን እንጂ አለች። «ቃሌን እውነት አድርጊልኝ፣ ልጄ።»

ክፉ ሰው አይደለችም። ሙክቷን የበሉት ሰዎች ናቸው የሚያስፈሯት።

ሁሉም ነገር ተሟልቷል። ገዢው አለ። ሰዓዳ በፖርት ሱዳን በኩል በመርከብ የሚወስዱ ሰዎች ታውቃለች። የጎደለው የኔ ልብ ነው። መካን ማየት እፈልጋለሁ፣ ማን የማይፈልግ አለ? ግን የሰው አፍ ገፍቶኝ አይደለም። የእማን ቤት ቆርቆሮ አልብሻለሁ፣ ሁሴንን ድሬያለሁ። አልቆጨኝም። ያም ሆኖ እስከዛሬ የኔ የምለው ቁልፍ ኖሮኝ አያውቅም። የምተኛበት ክፍል ቁልፍ እንኳ ኢልሃም ጋ ነው።

ሐሙስ ጥር 23፣ ከሰዓት 10 ሰ.

አል-ጣኢፍ ወሰድኳት። ልሸጣት ነው የሄድኩት፣ ደብተሬ፣ ለአንቺ አልዋሽም። የሰዓዳ ጌታ ጨዋ ሰው ነው። ሁለት ጊዜ ዞራት፣ ተንበርክኮ ከሥሯ አየ፣ ቀለሟን በጥፍሩ ኳ ኳ አደረገ። የሰጠው ዋጋ ካሰብኩት በላይ ነው። እሺ ልለው አፌን ስከፍት፣ ጋራዡን ላሳይሽ አለ።

አራት መኪኖች ቆመዋል። ነጭ ጨርቅ ለብሰዋል። ጎማቸው መሬት አይነካም፣ ብሎኬት ላይ ናቸው። ባትሪያቸው ወጥቷል። የትኛዋን በየትኛው ቀን ትነዳለህ አልኩት። አይነዱም፣ በተነዱ ቁጥር ዋጋቸው ይወርዳል አለ። እንዲያውም እንደ እኅት መከረኝ፦ «ያ ኡኽቲ፣ አርብ አርብ ሶባ ስትመላለሺ እኮ የራስሽን ገንዘብ እየበላሽ ነው።» ልክ ነው። በሱ ስሌት ልክ ነው። እኔ ግን ከሷ የምወደው ድምጿን ነው፣ እሱ ድምጿን ሳይጠይቀኝ ቀረ። ሞተሩን አስነሺ እንኳ አላለኝም!

ነገ ቁርጡን አስነግርሃለሁ ብዬው ወጣሁ። ኢንሻአላህ አለ። ስመለስ ከሁለተኛ ማርሽ አልወጣሁም። ባለሦስት እግሩ ረክሻ ሁሉ ቀደመኝ።

አርብ ጥር 24፣ ጠዋት 1 ሰ. ተኩል፣ ሶባ መንገድ ዳር

አልሸጣትም።

ከቤት ሳልወጣ ለሰዓዳ ደውዬ ለጌታዋ ንገሪው አልኳት። ሰደበችኝ፣ ዘጋሁት። እማን ነው የማሳዝነው፣ አውቃለሁ። ከፊት መቀመጫዋ ትነሳለች። ሌሊቱን ሙሉ እሱን ሳስብ አደርኩ፣ አልቅሻለሁም። ሆኖም ሐጂያዋ ሌላ ሴት ናት፣ እኔ እሷን ሆኜ መኖር አልችልም። አደራ በላ ከሚሉኝ ከአፌ ይስሙት። ሁሴን አይነግራቸውም፣ እማም አትዋሽላቸው። ድምፄን በካሴት ልልክላቸው የኢልሃምን መቅጃ ቴፕ ተውሼ መኪናዋ ውስጥ ተቀምጫለሁ። እስካሁን የቀዳሁት ይኸን ነው፦

እኔ ዘሃራ ነኝ። ሐጂያ አይደለሁም። መካ አልሄድም። ዐረቢያ ብዬ የጻፍኩላችሁ መኪና ነው፤ ቃሉን ያበላሸሁት እኔ ነኝ፣ እማን አትውቀሱብኝ። የበላችሁትን ሙክት እኔ እተካለሁ። እቴ ከድጃ፣ አባ ይማም፣ ስማችሁን ይዣለሁ። ካለሁበት ሆኜ ዱዓ አደርግላችኋለሁ፣ ከዚህ የበለጠ ቃል አልገባም። እማ፣ ለምንሽ ናት ብለሽኝ ነበር። እንዲያው ያልኩሽ አፍሬ ነው። እወዳታለሁ፣ እማ። ለምን እንደሆነ መናገር አልችልበትም፣ ድምጿን ስሚው።

ቴፑ ጎኔ ወንበሩ ላይ ነው። እየቀዳ ነው። ቁልፉን አሁን ላዞረው ነው።