ከእግርህ ሥር ያለው ነገር

ይድረስ ለታናሽ ወንድሜ፤

እንደምን ሰነበትክልኝ? ጤናህ እንዴት ነው? ያ ጉልበትህስ፣ አሁንም ብርድ ሲሆን እንደ አሮጌ በር ይንቋቋል ወይስ ትንሽ ተሻለህ? ባለቤትህ እንዴት ናት? ልጆቹ፣ የልጅ ልጆቹ፣ ከብቶቹስ ደህና ናቸው? ዝናቡ ደረሰላችሁ? እኔ ያው እንደተውከኝ ነኝ። እጄ ይሠራል፣ ጥርሴ ከድቶኛል፣ ምላሴ ግን አልከዳኝም። ለእኔ አታስብ። የምታስብለት ሌላ ሰው አለና ይህን ደብዳቤ ቁጭ ብለህ አንብበው። ቆመህ ካነበብከው ግማሹን ትዘለዋለህ፤ አውቅሃለሁ።

የምትጽፍልኝ የመርከባችን የአለቃ ልጅ ናት። አንተ ስታውቃት እናቷ ጀርባ ላይ ነበረች፤ አሁን እሷም የልጆች እናት ሆናለች። እኔ ፊደል እንዳልቆጠርኩ ታውቃለህ፣ አላፍርበትም። እዚያ ከመርከቡ ሥር፣ ከቦይለሩ ምድጃ ፊት፣ እሳት የሚያነብ እንጂ ፊደል የሚያነብ አልተፈለገም። ልጅቷ ግን አስቸጋሪ ጸሐፊ ናት። እኔ አንተ ደንቆሮ ስል እሷ ውድ ወንድሜ ሆይ ብላ ትጽፋለች። እባክህ የሚል ቃል እናስገባ አለችኝ፤ ታናሼን እባክህ አልልም አልኳት። እንደተናገርኩት ብቻ እንድትጽፍ አስምያታለሁ። ስለዚህ ስድብ ካገኘህ የእኔ ነው፤ ወረቀቱ ላይ የረጠበ ነገር ካየህ ደግሞ የእሷ ነው።

አለቃችን ታሟል። ዓይኑ ከጠፋ እንደቆየ ታውቃለህ። አሁን ደግሞ ግማሽ ጎኑን መታውና አንደበቱን ወሰደው። ያ ከመርከቡ ፊት ቆሞ ሲጮህ ኋላ ያለውን ሰው ከእንቅልፉ የሚያስፈነጥር ድምፅ ዛሬ ያ፣ ያ ከማለት በቀር ሌላ አይወጣውም። እህል አልቀምስም ብሏል። ልጁ ማንኪያ ስታስጠጋለት ጥርሱን ገጥሞ ወደ ግድግዳው ይዞራል። ሐኪሙ መጥቶ አየው። ጉሮሮውስ ደህና ነው፣ እምቢ ያለው ሰውየው ራሱ ነው አለን። እንዲህ ከቀጠለ እንደማይሰነብትም ነገረን። ይህን ስትጽፍ የልጅቷ እጅ ቆመ። ጻፊ አልኳት። ምን ላድርግ? ከእሷ በቀር የሚጽፍልኝ የለኝም፤ የአባቷን ነገር በራሷ እጅ አጽፋታለሁ።

ነገሩ ከየት እንደጀመረ ልንገርህ። ከአልጋው አጠገብ ተቀምጬ እጄን ሥራ ላለማስፈታት የሳጥን እንጨት እጠርብ ነበር። አለቃ ደህናውን እጁን ሰዶ እንጨቱን ነጠቀኝ። ዳበሰው። ፊቱ ሾል ብሎ ኋላው ሰፋ ብሏል፤ ሳላስበው የመርከብ ቅርጽ ይዟል። ጣቶቹን በላዩ ላይ ሲያስኬድ አፉ በራሱ ተከፈተ። ልጁ እንደ ሌባ ቀስ ብላ ሾርባውን አቀመሰችው፤ ዋጠ። ከዚያን ቀን ወዲህ መርከቧ እጁ ላይ ካለች ይበላል፣ ከሌለች አይበላም። እኔም የድሮ መርከባችንን ዕቃዋን ሁሉ እያሟላሁ ልሠራለት ተያያዝኩት።

ችግሩን ሳልነግርህ ታውቀዋለህ። እኔ የመርከቡን ወለል የት አውቄው? አንተ ያኔ ከመሪው ቤት ጣሪያ ላይ የምልክት ባንዲራህን እያውለበለብክ ሁሉን ቁልቁል ታያለህ። አለቃ ወለሉ ላይ ገመድና ሰንሰለቱን፣ ሰዉንም ያዛል። እኔ ከሁላችሁም ሥር ሆኜ ከሰል እዝቃለሁ። ላይኛውን ዓለም የማውቀው በቧንቧ በሚወርድልኝ ነፋስ ነበር። ስለዚህ ከሁሉ አስቀድሜ የሠራሁት እነዚያን አፋቸው እንደ ጡሩምባ የተከፈተ የነፋስ ማስገቢያዎች ነው። ለእኔ ከእነሱ የሚበልጥ ምን ነበረና! ከቆርቆሮ ቆርጬ፣ ጠቅልዬ፣ አፋቸውን አስፍቼ በወለሉ ላይ ደረደርኳቸው። አለቃ ዳበሰ፣ ደግሞ ዳበሰና ሳቀ። ድምፅ የሌለው ሳቅ ነው፤ ሆዱ ብቻ ይንቀጠቀጣል። ልጁም ቀበል አድርጋ፣ ጋሼ ይሄ የጦር መርከብ ነው ወይስ የማርሽ ባንድ አለችኝ። ነቀልኳቸውና አሳንሼ እንደገና ሠራሁ። ያን ቀን ሳህኑን ጨርሷል።

ከዚያ ወዲያ ፍለጋ ገባሁ። መርከባችን ተቆራርጣ ብረቷ የማን ቤት በር እንደሆነ እንኳ አይታወቅም። ከወደቡ ጀርባ የመርከብ ሙዚየም አለ፤ እዚያ ሄድኩ። የምትሠራው ሴትዮ ጨዋ ናት። ማንበብ አልችልም ስላት ፊቷን አላጠቆረችብኝም። የመርከቧን ንድፍ ጠረጴዛ ላይ ዘርግታ ጣቴን ይዛ እየመራች፣ ይህ የመልሕቅ መጎተቻው ነው፣ ይህ የሰንሰለቱ ጉድጓድ ነው፣ ይህ የገመድ ማሰሪያ ጉቶ ነው እያለች አሳየችኝ። እኔ በሲባጎ እየለካሁ ቋጠሮ አስርበታለሁ፤ ቤት ስገባ በቋጠሮው ልክ እሠራለሁ። የመልሕቅ መጎተቻውን ከክር ማጠንጠኛና ከአሮጌ ሰዓት ጥርስ ሠራሁት። ሰንሰለቱ የልጅቷ የተበጠሰ የአንገት ሐብል ነው። ጉቶዎቹ አናታቸው የተሞረደ ምስማሮች ናቸው። የዳሩ አጥር ሽቦ ነው። አንድ ነገር በጨመርኩ ቁጥር አለቃ ይዳብሰዋል፤ ልክ ከሆነ በጣቱ መታ መታ ያደርገዋል። እኔም በዚህ ዕድሜዬ፣ በገዛ ጣቶቼ ኮርቼ፣ እንደ ልጅ ደስ ይለኝ ነበር።

አሁን ወደ መከራዬ መጣሁ። የአለቃ ጣቶች ሁልጊዜ ከመርከቧ አፍንጫ ይነሣሉ። ሰንሰለቱን ይዘው መጎተቻው ጋ ይደርሳሉ፤ ያልፉና ወደ ግራ ጥቂት ሄደው ይቆማሉ። እዚያ ቦታ ላይ ምንም የለም፤ ባዶ እንጨት ነው። ያ፣ ያ እያለ በጥፍሩ ይቧጭረዋል። የጎደለ ነገር አለ፤ ምን እንደሆነ ግን አንደበቱ አይነግረኝ፣ እኔ አላውቅ። ንድፉ ላይም የለም። ሴትዮዋ እንደምትለው ንድፉ መርከቧ ስትወለድ የተሠራ ነው፤ ከትልቁ ጥገና በኋላ የተጨመረውን ማንም አልሳለውም። ጥንድ ጉቶ ተከልኩለት፤ ነቅሎ ወረወረው። የጉድጓድ ክዳን ሠራሁለት፤ ወረወረው። የገመድ መጠቅለያ አደረግኩለት፤ እሱንስ በእጁ ጨፈለቀው። ከዚያ መርከቧን ወደ ደረቴ ገፋትና ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ። ይኸው ከዚያ ወዲህ ሾርባውም ቀረ፤ ውኃውን በጨርቅ ከንፈሩ ላይ እናደርግለታለን። ያን ትከሻው በር የማይበቃውን ሰው አሁን እኔ ብቻዬን አገላብጠዋለሁ።

እብድ ሆኜ ሙዚየሙ ደጃፍ ስመላለስ ሴትዮዋ አዘነችልኝ። ሳጥን ከሳጥን አገላብጣ አንድ ፎቶ አገኘች። የእኛው መርከብ፣ የእኛው ወለል፣ ሠራተኛው ተሰልፎ የተነሣው ነው። ቦታውን ፈለግን። የመልሕቅ መጎተቻው ይታያል፤ ከሱ ወደ ግራ ጥቂት ስንሄድ ማን ቢሆን ጥሩ ነው? አንተ! ቆብህን ወደ ጆሮህ ሸፈፍ አድርገህ፣ እጅህን ወገብህ ላይ ጭነህ፣ አንድ እግርህን የሆነ ነገር ላይ አውጥተህ፣ ባሕሩን የፈጠርከው ይመስል ተኮፍሰሃል። ያ ነገር ነው የምፈልገው! እግርህ ያረፈበት! ሱሪህ ደግሞ እንደ ድንኳን የሰፋ ነው፤ ሙሉ ለሙሉ ሸፍኖታል። ሴትዮዋ አጉሊ መነጽር አመጣች፤ የታየን የሱሪህ እጥፋት ብቻ ነው። ያን ሱሪ ያኔም አልወደድኩልህም ነበር።

ሌላም ነገር አለ። የእንፋሎት ቧንቧው የፈነዳብኝን ዕለት ታስታውሳለህ። አለቃ ማንም አልወርድም ሲል ወርዶ እንደ ጆንያ ተሸክሞ አወጣኝ። ዓይኔ አብጦ አልገለጥ ብሎኝ ነበር፤ ምንም አላየሁም። ብቻ ጀርባዬን አንድ ነገር ላይ አስደገፈኝ። ቀዝቃዛ ነበር፣ ክብ ነበር፤ የተቃጠለው ገላዬ ያን ቅዝቃዜ እስከ ዛሬ አልረሳውም። እሱም አጠገቤ ተቀምጦ፣ አይዞህ አንተ ጥቀርሻ፣ ገና ብዙ ከሰል ትዝቃለህ ይለኝ ነበር። ያ ነገርና እግርህ ያረፈበት ነገር አንድ ናቸው ብዬ አምናለሁ። ሰሞኑን ወደቡ ላይ ያለውን ብረት ሁሉ እየዞርኩ ጀርባዬን እደገፍበታለሁ፤ አንዱ ያስታውሰኛል ብዬ። ዘበኛው አይቶኝ፣ አባት፣ ምን እንዲህ ያሳክክዎታል አለኝ። ጀርባዬን ወደ ሌላው ብረት አዞርኩ። አንዱም ያንን አይመስልም። አንተ ግን ያን ዕለት ከጣሪያው ላይ ነበርክ። የት እንዳስደገፈኝ አይተሃል።

ስልክ የማይደርስበት ተራራ ሥር ገብተህ ገበሬ መሆንህን ዛሬ ረገምኩት። ደብዳቤውን የሚያመጣልህ የአውቶቡሱ ሾፌር እናንተ ዘንድ አድሮ ይመለሳል። መልሱን በእሱ እጅ ላክ፤ ነገ ዛሬ አትበል። ቁመቱ እስከ ምንህ ነው? አናቱ ድፍን ነው ወይስ ጎድጓዳ? ቀለበት ነበረው? ብረቱ ቀጥ ያለ ነው ወይስ ዘመም ያለ? ሳለው፤ መሳል አልችልም ካልክ በጭቃ ጠፍጥፈህ አድርቀህ ላከው። ከረሳኸው ደግሞ ሴትዮዋ ያስገለበጠችልኝን ፎቶ ከዚህ ጋር ልኬልሃለሁ፤ ደጅ ውጣና ድንጋይ ላይ እግርህን አውጥተህ ልክ እንደዚያ ቁም። ጎረቤት ይሳቅብህ። አንተ ብትረሳ እግርህ አይረሳም ይሆናል።

ለራሴ ማንንም ለምኜ እንደማላውቅ ታውቃለህ። በተቃጠልኩ ጊዜ እንኳ ውኃ ስጡኝ አላልኩም። አሁን ግን ጨንቆኛል፤ የምይዘው የምጨብጠው ጠፍቶኛል። እኔን ከእሳት ያወጣ ሰው ዓይኔ እያየ እንደ ሻማ ሲያልቅ ምስማር እየሞረድኩ ቁጭ ብያለሁ። ልጅቷን ያን ቃል ጻፊው ብያታለሁ። እባክህ።

እዚህ ላይ የተጻፈውን ድምፅዋን ከፍ አድርጋ አነበበችልኝ። አለቃ ወደ ግድግዳው ዞሮ ተኝቶ ነበር፤ ይሰማል ብለን አላሰብንም። ስለ እግርህ የተጻፈው ጋ ስትደርስ ብርድ ልብሱ ተንቀሳቀሰ። ደህናው እግሩ ቀስ እያለ ጉልበቱ ታጥፎ ተነሣ፤ አንድ ነገር ላይ እንዳረፈ ሁሉ እዚያው ቆመ። ልጁ ብዕሩን ጥላ ማንኪያውን አመጣች። አፉን አልከፈተላትም። ነገር ግን ፊቱን ከግድግዳው ወደ እኛ መለሰ፤ እስካሁንም አላዞረውም። ይህን የጻፍኩልህ ደስ እንዲልህ አይደለም። እኔን ከበፊቱ ይልቅ አስጨንቆኛል። እስከ ዛሬ ተስፋ የቆረጠ ሰው ነበር፤ ከአሁን በኋላ ግን አንተን ይጠብቃል። የሚያውቅ ሰው እንዳለ ሰምቷል።

ለባለቤትህ አክብሮቴን አድርስልኝ፤ ስለ ቁጣዬ ይቅር ትበለኝ፣ ከድሮም ታውቀኛለች። ልጅህንና ምራትህን ሰላም በልልኝ። የልጅ ልጆችህን ጉንጫቸውን ሳምልኝ፤ ትልቋ ሥዕል ትወዳለች ሲሉ ሰምቻለሁ፣ አንተ ካቃተህ እሷ ትሳልልን። የአለቃ ልጅም እጅ ትነሣለች። ለዚያች በፎቶው ላይ ላለችው እግርህ ደግሞ ከሁሉም የበለጠ ሰላምታዬ ይድረሳት፤ ምን ላይ እንዳረፈች ጠይቃትና ሾፌሩ ሳይነሣ ንገረኝ።

ታላቅ ወንድምህ

ከአለቃ አልጋ አጠገብ፣ ሚያዝያ ፲፬ ቀን