ቁስሉን ወደ ግድግዳ

ለተወደድከው ታላቅ ወንድሜ ለጋኤታን፣

ወንድም ዓለሜ፣ ጤናህን እንዴት ይዞሃል? ያ የሚያስቸግርህ ጉልበትህ ብርዱን ቻለልህ? በሰሜኑ በረዶ መሀል ያለው የሥራ ጣቢያችሁ ምድጃው ይሞቃል? ምግቡስ ይስማማሃል ወይስ ዛሬም ከቆርቆሮ ነው የምትበሉት? ባለፈው የላክኸው ፎቶ ላይ ጺምህ አገጭህን አልፎ ደረትህ ሊደርስ ነው፤ እማማ አይታው «ይሄ መነኩሴ ደግሞ ማነው?» ብላ ሁላችንንም አሳቀችን። እኛ ከናፍቆትህ በቀር በአካል ደህና ነን። እኔ ግን በልቤ ደህና አይደለሁም። ባለፈው ሳምንት በሬዲዮ ስልክ ላገኝህ ሞክሬ በነፋሱ ምክንያት መስመሩ አልገባልኝም። ቢገባም ኖሮ የጣቢያችሁ ሰው ሁሉ ስለሚሰማው አልነግርህም ነበር፤ ነገሩ የወንድማችን የአርማን ገመና ነው።

ፋብሪካው አንተ እንደምታውቀው ነው፤ ወረቀቱን ቀንም ሌሊትም ያወጣል። ችግሩ የሚወስደው መጥፋቱ ነው። ባቡሩ በመዘግየቱ መጋዘኑ እስከ በሩ በወረቀት ጥቅል ሞልቷል። እስከ ዛሬ ሦስት ሦስቱን እያነባበርን ነበር የምንቆልለው። አለቃችን ቡሻር ግን ቦታ ስላጠረው ከነገ ሰኞ ጀምሮ አራት አድርጉት ብሏል። አራተኛውን ማን ይሰቅላል ሲባል ሁሉም አንገቱን ወደ አርማን አዞረ። እሱም ኮፍያውን ወደ ኋላ ገፋ አድርጎ «እናንተማ ብትሰቅሉት ጣሪያውን ነው የምታወርዱት» አላቸው። ድሮ ቢሆን ከሁሉም በላይ የምስቀው እኔ ነበርኩ።

እኔንም እሱንም ያን ጥቅሉን በሁለት ክንዱ አቅፎ የሚያነሳ ፎርክሊፍት መንዳት ያስተማርከን አንተ ነህ። «አጥብቀሽ ካቀፍሽው ይጠፈጠፋል፣ ካላላሽው ያመልጥሻል» ያልከኝን አልረሳሁም። ከአንድ ቶን በላይ የሚመዝን ነገር እንዲህ ስስ መሆኑ መጀመሪያ ላይ ያስቀኝ ነበር። ክብነቱን ያጣ ጥቅል ማተሚያ ቤት ደርሶ ሲሽከረከር እየዘለለ ወረቀቱን ይበጥሰዋል። ጫፉ የተበላ ጥቅል ደግሞ ከሥር ከሆነ የላዩን ሁሉ ያዘነብለዋል። አርማን ይህን ከአንተ የተማረው ከእኔ በፊት ነው፤ ከእኔም ይበልጥ ነበር።

የዛሬ ወር ገደማ ግድግዳው ዳር ካለው መደዳ ጥቅል አውርጄ ወደ ባቡሩ ፉርጎ ስጭን፣ ከኋላው የተቆረጠ አገኘሁ። የክንዱ መዳፍ ጠርዝ ገብቶበት ብዙ ድርብ ወረቀት ቀዷል። ሁላችንም የምናደርገው ነው ብዬ አለፍኩት። መቼም ታውቀዋለህ፣ ጥቅል የጎዳ ሰው ቁስሉን ወደ ግድግዳ አዙሮ ያቆመዋል፤ አለቃ አያየውም፣ ፉርጎ ከገባ በኋላ ደግሞ የሌላ ሰው ጣጣ ነው። አንተም ታደርገው ነበር፣ አትካደኝ። ነገር ግን ቀጥሎ ያለውም ተቆርጧል። ከዚያ ቀጥሎ ያለውም እንደዚያው። ሁሉንም የነከሳቸው የቀኙ ክንድ ነው፤ የቀኙ መዳፍ ሰፊ ስለሆነ አሻራው አያሳስትም። ጉድና ጅራት ከወደ ኋላ ነው እንዲሉ፣ ያ መደዳ ከፊት ሲያዩት ንጹሕ ነበር። የደረደረው አርማን ነው።

መጀመሪያ ቀለድኩበት። «ሚስት አግባ ብንልህ እምቢ ብለህ ይኸው ወረቀቱን በፍቅር ጨረስከው» አልኩት። ሌላ ጊዜ ቢሆን መልሱ ከአፉ አይጠፋም ነበር፤ ያን ቀን ፎርክሊፍቱን አዙሮ ሄደ። ከዚያ ወዲህ ዓይኔን ከእሱ ላይ መንቀል አቃተኝ። መኪናውን ጋራዥ ቆልፎባት ሥራ የሚመላለሰው በእግሩ ነው፤ ሲጠይቁት «ቦርጬን ላጥፋ ብዬ ነው» ይላል። እራት ላይ ጨው አቀብሉኝ ይላል፤ ጨው ግን እዚያው በቀኙ፣ እጁ አጠገብ ነው።

ባለፈው ሐሙስ የእኔው ባል ሬሚ፣ እንደ ወትሮው በእግሩ እየዞረ የጥቅሎቹን ቁጥር ሲያነብ፣ አርማን ጥቅል አቅፎ መጣበት። ጮህኩ። ሬሚ ቁልሉ ላይ ተለጥፎ ለጥቂት አመለጠ። እሱማ ታውቀው የለ፣ ሳቀ። «ወንድምሽ ካርታ ሲጫወትም እንዲሁ ነው፣ ሰው አያይም» አለኝ። አርማን ግን ዞር ብሎ እንኳ አላየም። ሬሚ በቀኙ እንደነበረ ጨርሶ አላወቀም።

ያኑ ዕለት ከሥራ ስንወጣ ይዤ አፋጠጥኩት። ካደ፣ ተቆጣ፣ «አንቺ ደግሞ ከመቼ ወዲህ ነው አለቃዬ የሆንሽው?» አለኝ። በመጨረሻ የወንዙን አጥር ተደግፎ ነገረኝ። ከበጋው ጀምሮ ቀኝ ዓይኑ ጨልሟል፤ ግራውም ላይ ከቀኝ በኩል መጋረጃ እየወረደበት ነው። የዓይን ሐኪሙ የጠፋው አይመለስም ብሎታል። «ለማንም ትንፍሽ ብትዪ፣ ከዚያ ፎርክሊፍት የምወርደው ሞቼ ነው» አለኝ፤ በእማማም አስማለኝ። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ልለው አፌን ከፍቼ ነበር። ያ ጉረኛ ወንድማችን እንደ ልጅ እጄን ይዞ ሲለምነኝ ሳየው አንጀቴን በላውና ማልኩለት።

ትናንት ደግሞ ቤቴ ድረስ መጣ። አራተኛውን ሲሰቅል በቀኙ ቆሜ በእጄ ምልክት እንድሰጠው ፈልጎ ነው። «ዓይን ሁኚኝ» ነው ያለኝ። ጥቅል ከፍ ብሎ ሳለ አጠገቡ ሰው አይቆምም ብለህ ያስተማርከን አንተ ነህ፤ እኔ የምቆመው ደግሞ በቁልሉና በግድግዳው መሀል ባለችው ጠባብ መተላለፊያ ነው። እምቢ አልኩት። «ይሁን፣ ሬሚን እጠይቀዋለሁ፤ እሱ እንዳንቺ ጥያቄ አያበዛም» አለኝ። በክፋት አላለውም፤ ሥራው እንዳይቀርበት ብቻ ነው ያሰበው። ሬሚ ደግሞ እየሳቀ እንደሚቆምለት አውቃለሁ። እውነቱን ለሬሚ እንዳልነግረው መሐላ አለብኝ፤ ብነግረውም ምሳ ሰዓት ሳይደርስ መጋዘኑ ሁሉ ይሰማዋል። ባሌን ከማቆም እኔ ልቁም ብዬ እሺ አልኩ።

ፈርቻለሁ፣ ወንድም ዓለሜ። ዓርብ ልወጣ ስል ሄጄ ያን መደዳ አየሁት። ከሥር ያሉት ጥቅሎች በቁስላቸው በኩል ሰምጠዋል፤ የላዮቹም ወደ ግድግዳው፣ እኔ ወደምቆምበት አዘንብለዋል። ሞተሩ ሁሉ ጠፍቶ ስለነበር ወረቀቱ ውስጥ ለውስጥ ሲንቋቋ ይሰማኝ ነበር። ነገ አራተኛው የሚጫነው እዚያ ላይ ነው። የፈሩት ይደርሳል የሚሉት ነገር ከዚያ ሰዓት ጀምሮ ከጆሮዬ አልወጣ አለ። አርማን በዚህ ዓለም የሚሰማው አንተን ብቻ ነው፤ ይህ ደብዳቤ እጅህ እንደገባ እንደምንም ደውለህ ውረድ በለው። የፖስታው አውሮፕላን እናንተ ጋ የሚደርሰው ገና ሐሙስ መሆኑን አውቃለሁ። ቢሆንም ለአንተ ካልነገርኩ ለማን ልንገር?

እማማ ግንባርህን ትስማለች፤ የሱፍ ካልሲ ጀምራልሃለች፣ አንደኛው እግር አልቋል። ሬሚ «ለነጮቹ ድቦች ሰላምታዬን አድርስልኝ» ብሏል። ልጄ ጆዜ እጅ ትነሳለች፤ ትምህርቷ ከሒሳቡ በቀር ደህና ነው፣ ጺምህንም እንዳትቆርጠው ብላለች። እዚያ አብረውህ ላሉት ሁሉ ሳያውቁኝም ቢሆን ሰላም በልልኝ።

አርማንም ሰላምታውን በገዛ እጁ ልጻፍ አለ። ዛሬ ምሳ ከእኛ ጋር ነበር። የአተር ሾርባውን ሳህን አንስቼ ስመለስ ይህ ደብዳቤ ፊቱ ተዘርግቷል። እሱ ግን የራሱ ስም ስንት ቦታ እንደተጻፈ አላየም፤ የተጻፈበት ወረቀት መሆኑን ብቻ ለይቶ «ባዶ ወረቀት የለሽም?» ብሎ ጠየቀኝ። ሰጠሁት። አጎንብሶ ጻፈና ደስ ብሎት ብዕሩን አስቀመጠ። ወረቀቱን አብሬ ልኬልሃለሁ፤ «ጋኤታን፣ ስለ እኔ አታ» ይላል። ቀሪውን የጻፈው ከወረቀቱ ቀኝ አልፎ የጠረጴዛ ልብሱ ላይ ነው። ሙሉውን የጻፈ መስሎት «እንዲህ ነው ደብዳቤ ማለት» ብሎኝ ተነሣ።

ከዚህ በላይ የጻፍኩልህን አልሰርዘውም፤ እሺ ያልኩትን ግን ሰርዤዋለሁ። ነገ ጠዋት እሱ ፎርክሊፍቱ ላይ ሳይወጣ ቡሻር ቢሮ ገብቼ እናገራለሁ። በእማማ ምዬ ያፈረስኩትን እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ፤ አርማን ይቅር አይለኝም። ምን እንደሚያደርግም አላውቅም። ከነገ በኋላ ወንድም የሚኖረኝ አንተ ብቻ ነህ።

እህትህ ሉሴት
ግራንድ-ኮት፣ ኩቤክ
እሑድ፣ ኖቬምበር 6 ቀን 1988