ጭስ ያልነካው ወርች

ለምወድዎ አያቴ፦

እንዴት ሰንብተዋል? ዳሌዎስ እንዴት ሆነልዎ? ያቺ እግርዎን የምታሠራዎ ልጅ እንደ በቅሎ ነጂ ትጮህብኛለች ብለውኝ ነበር፤ አሁን ስንት እርምጃ አደረሰችዎ? እንቅልፍስ ይወስድዎታል? አጠገብዎ የተኙት ሰውዬ ቴሌቪዥኑን ዛሬም ያስጮኹታል? እኔ ደህና ነኝ። ቤቱም ደህና ነው። ቲማቲምዎን በየጠዋቱ አጠጣለሁ፤ አንዱን ተክል ብቻ አጋዘን ግጦታል። ከልጅነቱ ጀምሮ እንጨት የሚፈልጥልዎ ኬንደልም ደህና ነው። የዚህ ደብዳቤ ግማሹ ስለ እሱ ስለሆነ ቆይቼ እመጣበታለሁ።

እባክዎ መነጽርዎን አድርገው ይህን ራስዎ ያንብቡት። ነርሷ አታንብብልዎ። ሩብ ሰዓት የማይሞላ መንገድ ላይ ሆኜ ለምን እንደምጽፍ ይገርምዎት ይሆናል። ሁለት ጊዜ መጥቼ አልጋዎ ጫፍ ላይ ተቀምጬ፣ ሁለቱንም ጊዜ ስለ ሙቀቱና ስለ ትምባሆው አዝመራ አውርቼ ተመለስኩ። አፌ እምቢ ስላለኝ እጄ ይሞክር ብዬ ነው።

ሳላንዛዛ ልናገረው፦ በዓመታዊው የመሰባሰቢያ እሑድ የቤተ ክርስቲያናችን ሰው ሁሉ የበላው ሥጋ የእንጨት እሳት አላየም። እርስዎም የበሉት እሱኑ ነው።

አሁን ከመጀመሪያው ልነሣ። ሆስፒታል ሲገቡ እጄን ይዘው ምን እንዳሉኝ ያስታውሳሉ። «ቅዳሜ ጎህ ሲቀድ ታቀጣጥያለሽ። ከእሳቱ አትነሺም። ኬንደልን ጥብስ ቤት አታስገቢው፤ እጁ ይቸኩላል። የሚያስፈልግሽ ዕቃ ሁሉ ቤት ውስጥ አለልሽ» ብለውኝ ነበር። እኔም በኩራት አበጥኩ። አራት ዓመት ስለ ምግብ ሳይንስ የተማርኩት ለዚህ ቀን ነበር ብዬ ለራሴ ነገርኩት። ሃምሳ ዓመት ሙሉ የእርስዎ እጅ ያበሰለውን፣ ከየአገሩ ተመልሶ የሚሰበሰበው ሰው መኪናው ውስጥ ሆኖ የሚያልመውን ሥጋ እኔ ልሠራው!

ቅዳሜ ጠዋት ጓሮ ያለውን የሥጋ ማጨሻ፣ ጥብስ ቤቱን፣ በትርፉ ቁልፍ ስከፍት ጭስ መውጫው ውስጥ የወፍ ጎጆ አገኘሁ። አንድ ብቻ አልነበረም፤ አንዱ በአንዱ ላይ የተሠሩ ሦስት ነበሩ። በመጥረጊያ አወረድኳቸውና ያኔ ምንም አላሰብኩም፤ ቸኩዬ ነበር። ኬንደል የፈለጠውን የኦክ እንጨት በጋሪ ሞልቶ አጥሩ ጋ ቆሟል። «አንቺ ባለ ዲግሪ፣ እሳት እኮ በኮምፒዩተር አይነድም፤ ልግባና ላግዝሽ» አለኝ እየሳቀ። «አያቴ አታስገቢው ብለዋል» አልኩት። እንዲህ ቁርጥ አድርጌ። ሳቁ ፊቱ ላይ ትንሽ ቆይቶ ጠፋ። ጋሪውን እዚያው በሩ ላይ ትቶልኝ ሄደ።

አቀጣጠልኩ። አራቱን የአሳማ ወርች ጨው ቀብቼ፣ ስቡ ወደ ላይ ሆኖ ፍርግርጉ ላይ ደረደርኩ። በየግማሽ ሰዓቱ ፍሙን በአካፋ ከሥሩ እበትናለሁ። እስከ ጠዋቱ ሦስት ሰዓት ድረስ ቢያዩኝ ኖሮ ደስ ይልዎት ነበር። ከዚያ ስልኬ ጮኸ። ሚኒያፖሊስ ያለው ያ የምግብ ፋብሪካ፣ የነገርኩዎ፣ የሥራ ፈተና ልኮልኝ ኖሮ ከሰዓት በፊት መልሺ ይላል። ጥያቄው ምን ቢሆን ጥሩ ነው? በቆርቆሮ የሚታሸግ ሥጋ የጭስ ጣዕሙ እንዳይጠፋ ምን ታደርጊያለሽ! ለአሥር ደቂቃ ብዬ ወደ ቤት ገባሁ። አያቴ፣ ስለ ጭስ እንደዚያ ያለ ጽሑፍ ጽፌ አላውቅም። ስለ እርስዎም ጻፍኩበት። ፍም አካፋ ላይ ሲንጣጣ የሚሰማውን ድምፅ ሳይቀር ጻፍኩ። ልኬ ቀና ስል ሦስት ሰዓት ሙሉ አልፎ ቀትር ሆኗል።

እሳቱ አመድ ሆኗል። ሥጋው ለብ ብሎ ተጋድሟል። አልሞቀም፣ አልቀዘቀዘም። በትምህርት ቤት መጀመሪያ የሚያስተምሩን ነገር ቢኖር እንዲህ ለብ ብሎ ሰዓታት የቆየ ሥጋ ለሰው እንደማይሰጥ ነው። የአሮጊቷን የእትዬ ኦዜላን የደከመ ሆድ አሰብኩና አራቱንም ከትምባሆ ማድረቂያው ጀርባ ቆፍሬ ቀበርኳቸው። በዚህ አላፍርም። የማፍረው ቀጥሎ ባለው ነው።

ሌላ ሥጋ ገዝቼ መጣሁ። ከቀትር በኋላ ቢሆንም እንደገና ማቀጣጠል እችል ነበር። ኬንደልን ብጠራው ተራ በተራ እየጠበቅን እናደርሰው ነበር፤ አንድ ጊዜ ብደውልለት ይበቃል። ስልኩን አነሣሁ። ጠዋት በር ዘግቼበት አሁን እሳቱን አጠፋሁት ልበለው? ስልኩን መልሼ አስቀመጥኩት።

ከዚያ ትልልቅ ዕቃ ፍለጋ ጓዳ ገባሁ። ከዱቄቱ በርሜል ጀርባ፣ በሴት አያቴ የጠረጴዛ ልብስ የተሸፈኑ ሦስት የኤሌክትሪክ ድስቶች አገኘሁ፤ እነዚያ ሶኬት ላይ ሰክተው የሚረሷቸው፣ በዝግታ የሚያበስሉት። አጠገባቸው የጭስ ውሃ፣ ያ ማንኛውንም ሥጋ በጭስ የበሰለ የሚያስመስለው፣ ያለበት ጠርሙስ አለ፤ ግማሹ አልቋል። የሴት አያቴ ዕቃ ነው አልኩ። ነፍሳቸውን ይማርና፣ እሳቸው ለሰው ሲያበስሉ ይኖሩ አልነበር?

እንዴት እንደሠራሁትም ልንገርዎ፤ ግማሽ ኑዛዜ አልወድም። ከታች ሽንኩርት በትልቁ ከትፌ ነሰነስኩ። ወርቹን በጨው፣ በቀይ ስኳርና በበርበሬ አሸሁት። ትንሽ ኮምጣጤ፣ ከዚያ ጠርሙስ ደግሞ ሁለት ማንኪያ። ክዳኑን ገጥሜ፣ በትንሹ ሙቀት ላይ አድርጌ፣ እስኪነጋ አልከፈትኩትም። ሲነጋ አጥንቱን ሳብ ሳደርገው እንደ ቢላ ከአፎቱ ንጹሕ ሆኖ ወጣ። ሥጋውን በሁለት ሹካ በጣጠስኩት፤ ሹካው ሳይደርስበት ይፈርሳል። ስቡን ገፍፌ፣ የእርስዎን ኮምጣጤና ቃሪያ አፍስሼበት፣ ትሪ ላይ ዘርግቼ ምድጃው ውስጥ ከላይ እሳት አስመታሁት፤ ጠርዙ እንዲከርር፣ ሰውም የፍም ሥራ እንዲመስለው። ያ ነው ትልቁ ኃጢአቴ። ድስቱስ ድስት ነው፤ ጠርዙን ግን ለማታለል ብዬ ነው ያከረርኩት።

እሑድ ቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ዛፉ ሥር ሰው ተሰልፎ ይጠብቃል። እትዬ ኦዜላ ወንበር አስመጥተው ትሪው አጠገብ ተቀመጡ። አንድ ጉርሻ ወስደው ዓይናቸውን ጨፈኑ። «የሽማግሌው እጅ ነው! ልክ እንደ አምናው! ልክ እንደ ካቻምናው! ድሮ ትንሽ ያስቸግረኝ ነበር፤ አሁን አሁንማ ለእኔ ጥርስ ታስቦ የተሠራ ነው» አሉ። ዲያቆን ሩፎስ ከኋላቸው ሆነው «እኔን የናፈቀኝ የሚንኮሻኮሸው ቆዳ ነው፤ ሦስት ዓመት ሙሉ አንድ ቁራጭ አላየሁም፤ ቀዳሚዎቹ ይጨርሱታል» ብለው አጉረመረሙ። እትዬ ኦዜላ «አንተ ሰውዬ፣ ከቆዳው ይልቅ ለነፍስህ አስብ» አሏቸው። ሁሉም ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። ከምዕራብ የመጣ አንድ የሩቅ ዘመድ ቲማቲም ስጎ ቢጠይቅ፣ እኛ ዘንድ ከኮምጣጤ ሌላ ሥጋው ላይ ማፍሰስ ነውር ነውና፣ ከሰልፉ ሊያባርሩት ምንም አልቀራቸውም። እንደዚያ ያለ ቀን ነበር። ሁሉም «ጎበዝ» ሲለኝ እኔ ዳቦ ውስጥ ሥጋና የጎመን ሰላጣ እያደረግሁ አቀብላለሁ፤ ቀና ብዬ ግን የአንዱንም ሰው ፊት አላየሁም።

የቀረውን እርስዎ ያውቁታል፤ ግን እኔ እንዳየሁት ልጻፈው። ከሰዓት በኋላ ከኬንደል ጋር ሳህን ይዘን መጣን። እርስዎ ቀስ ብለው አኘኩ። «ምን እንጨት ነው?» አሉኝ። «ኦክ» አልኩ። ዓይኔን አላነሣሁም፤ እርስዎም እንዳነሣ አልጠየቁኝም። ከትራስዎ ሥር የጥብስ ቤቱን ዋና ቁልፍ አውጥተው መዳፌ ላይ አደረጉት። «ከእንግዲህ የሷ ነው። እጇ የኔ እጅ ነው» አሉ። ኬንደል የሻይዎን ብርጭቆ ይዞ ቆሟል። «እንኳን ደስ ያለሽ» አለኝ፤ ብርጭቆውን በጥንቃቄ፣ በጣም በጥንቃቄ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠው።

ስንመለስ መኪናውን እሱ ይነዳ ነበር። ድልድዩን እንዳለፍን «አሥራ አንድ ዓመት እንጨት ፈልጬላቸዋለሁ» አለኝ። «ፍም መበተንን ያስተማሩኝ ቁመቴ ከአካፋው ሳይበልጥ ነው። ከሦስት ዓመት ወዲህ ግን በሩን ከውስጥ ይዘጉብኛል። ብቻዬን ልሥራ ይሉኛል። ምን አጥፍቼ ነው? አንቺ ተምረሻል፤ ገብቶሽ ከሆነ ንገሪኝ።»

 ያን ቀን ለእኔም አልገባኝም ነበር። መስኮቱን አየሁ።

ማክሰኞ ዕለት ግን ሄጄ የራሴን ነገርኩት። እሳቱን ማጥፋቴን፣ መቅበሬን፣ ድስቱን፣ ሁሉንም። መጀመሪያ ሆዱን ይዞ ሳቀ፤ «ዲያቆን ሩፎስ በኤሌክትሪክ ተባረኩ በያ!» አለ። ከዚያ ሳቁን አቆመና «ደውለሽልኝ ቢሆን እመጣ ነበር እኮ» አለኝ። ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። ድስቶቹን ከየት እንዳመጣሁ ጠየቀኝ፤ «ተዋስኩ» አልኩት። አንድ ውሸት ላፈርስ ሄጄ ሌላ ሠራሁ ማለት ነው። ይህችኛዋን ግን የዋሸሁት ለራሴ ብዬ አልነበረም።

ሥራውን አግኝቻለሁ፤ ትናንት ደወሉልኝ። ስለ ጭስ የጻፍሽው ከሌሎቹ ሁሉ በለጠ አሉኝ። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር፤ ይለኛልም፤ ሻንጣዬን ሦስት ጊዜ አዘጋጅቼ ሦስት ጊዜ ፈታሁት። በሚመጣው ሳምንት መጨረሻ እሄዳለሁ። ስለዚህ ቁልፉን እዚህ ፖስታ ውስጥ አድርጌዋለሁ። የእኔ እንዳልሆነ እኔም አውቃለሁ፤ ይመስለኛል እርስዎም ሲሰጡኝ ያውቁ ነበር። የማን እንደሆነ አልነግርዎትም። እሱ ዛሬም በየቅዳሜው እንጨት እየፈለጠ ጥብስ ቤቱ ግድግዳ ላይ ይደረድራል።

አንድ ነገር ብቻ ልለምንዎት። ቁልፉን ሲሰጡት ዝም ብለው አይስጡት። በሩ ለምን እንደተዘጋበት በአፍዎ ይንገሩት። የሚቆጣ ልጅ አይደለም፤ እኔ ሞክሬ አይቼዋለሁ። ዳሌ ሲያምም አካፋ ማንሣት እንደሚከብድ ከማንም በላይ እሱ ይገባዋል።

የሦስቱን ዓመት ጎጆዎች ያየሁት እኔ ብቻ ነኝ፤ አቃጥያቸዋለሁ። ድስቶቹን አጥቤ፣ አድርቄ፣ በዚያው በጠረጴዛ ልብስ ሸፍኜ ከበርሜሉ ጀርባ መልሻቸዋለሁ። ሴት አያቴ ካረፉ ዘንድሮ ስድስት ዓመታቸው ነው። ጠርሙሱ ላይ የተጻፈውን ቀን አይቼዋለሁ፤ ከእሳቸው በኋላ የተሠራ ነው፤ ቀን ማንበብ ሙያዬ ነው። ከዚህ በላይ አልጽፍም።

አምላክ እግርዎን ያጽናልዎት። በራስዎ እግር ቆመው፣ የራስዎን በር ከፍተው፣ ፍሙ ሲበተን ተቀምጠው ለማየት ያብቃዎት። በሚቀጥለው ዓመት ለመሰባሰቢያው እሑድ እመጣለሁ፤ ዲያቆን ሩፎስ ቆዳቸውን ሲያገኙ ማየት እፈልጋለሁ።

እጅዎን ስማ የምትሰናበትዎ፣
በእጅም በጥፋትም እርስዎን የመሰለች
የልጅ ልጅዎ