አንተ ጋ ያለው ማስረጃ

ላይ ጋይንት
ታኅሣሥ 24 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለምወድህ ልጄ ለእንየው፣

እንዴት ሰንብተሃል? አዳማ ተስማምቶሃል? ባለቤትህ ውዴስ እንዴት ናት? ወሯ ገብቷልና ከባድ ነገር እንዳታነሣ፤ ውኃውን አንተ ቅዳላት። እኔ ደኅና ነኝ። ገብሱ ተወቅቶ ገብቷል። ብርዱ ግን ዘንድሮ በርትቶብናል።

ይህን በስልክ ልነግርህ ደጋግሜ ሞክሬ ነበር። ድምፅህን ስሰማ አንደበቴ እየተያዘ ስለ ላሟ አውርቼህ ብቻ እዘጋዋለሁ። ስለዚህ ጻፍኩት። ከአንተ ደብተር ላይ ፊደል የለቀምኩ ሰው ነኝና ጽሑፌ ቢንጋደድ አትሳቅብኝ።

ውክልናህ እንደ ደረሰኝ፣ እዚህ በእኛ መንገድ ስታልፍ በፍጥነት ነድተሃል ተብለህ የተከሰስክበትን ነገር አጥር ላይ ቆሜ ለጎረቤታችን ለቦጋለች ነገርኳት። ፍርድ ቤት ሄጄ ማስረጃ ይቅረብልኝ ልል ነው ስላት ዓይኗን አፈጠጠች።

«አብደሻል? ትራፊክን ማስረጃ አምጣ ማለት ዋሾ ነህ ማለት እኮ ነው። ልጅሽ ነገ በዚያው መንገድ አይደል የሚመላለሰው? ይልቅ ሽማግሌ ላኪ። በአባቱ ጊዜ ቄሱን መስቀል አስይዘሽ ልከሽ መንጃ ፈቃዱን አስመልሰሽለት የለ?»

የአጥሩን እሾህ ማስተካከል ጀመርኩ።

ፍርድ ቤቱ በር ላይ ማመልከቻ የሚጽፍ ሰውዬ አለ። ጉዳዩን እንኳ በቅጡ ሳይሰማ ጽፎ ጨረሰና ይፈርሙ ብሎ ሰጠኝ። አነበብኩት። «ልጄ በተጠቀሰው ቀን ከተፈቀደው ፍጥነት በላይ ፈጽሞ አላሽከረከረም» ይላል።

«ይችን አውጣት» አልኩት።

«እማማ፣ ማንበብ ይችላሉ እንዴ?»

«እንደ ነገሩ።»

«ታዲያ ካልካዱ በምን ሊከራከሩ ነው?»

«እኔ አብሬው አልነበርኩም። ማስረጃው ይቅረብ ብቻ በልልኝ።»

እየሳቀ እንደ ገና ጻፈው። የፍጥነት መለኪያው ማሽን ያነበበው ፍጥነትና ማሽኑ ራሱ የተመረመረበት ወረቀት ይቅረብልኝ የሚል ሆነ።

መዝገብ ቤት ስገባ የከሰሰህ ትራፊክ፣ ጥጋቡ የሚሉት፣ እዚያው ቆሟል። ማመልከቻውን ከጸሐፊዋ እጅ ተቀብሎ አነበበና ቀና አለ።

«እማማ፣ እኔን ነው ያላመኑኝ?»

«ኧረ አይደለም ልጄ። ማሽኑን ነው።»

ጸሐፊዋ ሳቀች። እሱ ግን አልሳቀም። «ማሽኑስ አይፈራዎትም፤ እርስዎ ነዎት የሚንቀጠቀጡት» ብሎኝ ወጣ። ከዚያ ወዲህ የሞተር ሳይክል ድምፅ በሰማሁ ቁጥር ወደ እኔ ቤት የሚመጣ ይመስለኛል። ነገ በዚያ ስታልፍ ምን ያደርግህ ይሆን እያልኩ እህል አልበላልህ ብሎኝ ሰነበተ።

ፍርድ ቤቱ ያዘዛቸውን ወረቀቶች ወደ መዝገብ ቤት ይዞ የመጣውም እሱ ራሱ ነው። ፊርማዬን ተቀብሎ ሲያበቃ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «እማማ፣ ማሽኑን ይተዉት። ልጅዎ ያን ቁልቁለት ሲወርድ በዓይኔ አይቼዋለሁ። ተማሪዎች ከትምህርት ቤት እየወጡ ነበር» አለኝ።

ወረቀቶቹን ገለጥኳቸው።

አንደኛው ወረቀት የመኪናህን ታርጋ ጠቅሶ 83 ይላል። እዚያ ቦታ የተፈቀደው 40 ነው። ሁለተኛው ደግሞ የማሽኑ ምርመራ ጊዜው ካለፈ ወራት እንደ ሆነው ይናገራል። ጸሐፊዋ ጠጋ ብላ፣ «እንኳን ደስ አለዎት! ይህን ለዳኛው ካሳዩ መዝገቡ ይዘጋል፤ ልጅዎም መንጃ ፈቃዱን ይረከባል» አለችኝ።

ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። ጥፋቱ ከጸናብህ መንጃ ፈቃድህ እንደሚታገድ፣ ባለመኪናውም ሌላ ሹፌር እንደሚቀጥር አላጣሁትም። ልጅም ሊወለድ ነው። ይህን ሁሉ እያወቅኩ ወረቀቱን በነጠላዬ ጫፍ ቋጥሬ ስመለስ እግሬ አልሄድ አለኝ። ተማሪዎች ከፊቴ እየተሯሯጡ ያልፉ ነበር። መንገድ ዳር ድንጋይ ላይ ተቀምጬ እስኪያልቁ ጠበቅኳቸው።

እንየው፣ አሁን የቀረ አንድ ማስረጃ አለ፤ እሱም አንተ ጋ ነው። የመኪናው ቆጣሪ ከፊትህ ነበር። ስንት ይል ነበር? ማሽኑስ ጊዜው አልፎበታል፤ አንተ ግን ታውቀዋለህ። አልቆጣህም። በስልክ ግን አትንገረኝ፤ በስልክ ሁላችንም ደኅና ነን ነው የምንለው። ጻፍልኝ።

ቀጠሮው ከጥምቀት በኋላ ነው። መልስህ ሳይደርሰኝ ችሎት አልገባም። ወረቀቱን ከአባትህ መንጃ ፈቃድ ጋር በአንድ ፌስታል ጠቅልዬ ሣጥን ውስጥ አስቀምጬዋለሁ። የአባትህን አስከሬን ከጨጨሆ ቁልቁለት ሲያመጡት ኪሱ ውስጥ የተገኘውን ማለቴ ነው። ቄሱ ያስመለሱለትን።

መድኃኔዓለም እጅህን መሪው ላይ ያጽናልህ፤ እግርህን ከነዳጁ ላይ ያቅልልህ። ውዴን በሰላም ያገላግልልን። የሚወለደውም አባቱን አይቶ ይደግ።

እናትህ
ካሣነሽ