የእናትሽ ቀኝ እጅ

ሐሙስ፣ መጋቢት 12፣ ከሰዓት በኋላ

ለልጄ፣

እንዴት ሰነበትሽ? ሥራው እንዴት ነው? ያ የሚያስቸግርሽ ትከሻስ ተሻለሽ? እኛ ደህና ነን። እናትሽ ምሳዋን በልታ መስኮቱ አጠገብ ተቀምጣለች፤ እኔ ወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ ሆኜ ነው የምጽፍልሽ። በስልክ ብነግርሽ ይቀል ነበር። ግን በዚህ ቤት ስልክ ሲወራ ግድግዳው ሁሉ ይሰማል፣ እኔም ስናገር አንዱን ሳልጨርስ ሌላ ውስጥ እንደምገባ ታውቂያለሽ። ወረቀት ይሻለኛል።

መልእክትሽን አነበብኩት። እናትሽ እጇን የምታለማምድበት መነጽር በየቀኑ ወደ ስልክሽ የሚልከው ውጤት ላይ ቀኝ እጇ በአንድ ጊዜ ሲመነደግ አይተሽ፣ “አባዬ፣ ይሄ ተአምር ነው” ብለሻል። ለሥራ ባልደረቦችሽም ነግረሻል። እጇ እንዲህ ከተመለሰ እኛ ጋ ልትመጪበት የነበረውን የዘንድሮ ፈቃድሽን ወደሚመጣው ዓመት ልታሸጋግሪው እንደምትችዪም ጽፈሻል። እንግዲያው ሳትሸጋግሪው በፊት አንድ ነገር እወቂ። ያ እጅ የእናትሽ አይደለም። የእኔ ነው።

አትደንግጪ፣ የከፋ ነገር የለም። ከመጀመሪያው ልንገርሽ።

የቪአር መነጽሩ የደረሰን ጊዜ እናትሽ ስትሮክ ከመታት ወራት አልፈው ነበር። ቀኝ እጇ ጭኗ ላይ ሌላ ሰው ረስቶት የሄደ ዕቃ ይመስል ነበር። የፊዚዮቴራፒ ባለሙያዋ መጥታ አሠራሩን አሳየችን። መነጽሩ ዓይንን ጨርሶ ይሸፍናል፤ ሲያጠልቁት የማያውቁት ሰው ወጥ ቤት ይታያል። ጠረጴዛው ላይ ኩባያዎች አሉ፣ ግድግዳው ላይ መደርደሪያ አለ። በግራና በቀኝ እጅ በሚያዙት ኮንትሮለሮች ኩባያውን ከጠረጴዛ አንሥቶ መደርደሪያው ላይ ማስቀመጥ ነው፣ ሌላ ጣጣ የለውም። እናትሽ በግራዋ ሁሉንም ትሰበስባለች። በቀኟ ግን፣ ባለሙያዋ ኮንትሮለሩን መዳፏ ላይ በማሰሪያ አጥብቃላት እንኳ፣ አንዱን ማንሣት አልሆነላትም።

የእጁ ነገር ቢሆንም ባይሆንም እችለው ነበር። የከበደኝ ዝምታዋ ነው። እናትሽን ታውቂያታለሽ። ፀጉር ቤቷ ውስጥ ከጠዋት እስከ ማታ አፏ ሥራ አይፈታም፤ የደንበኞቿን ትዳር በወሬ አፍርሳ፣ በወሬ ጠግና፣ ፀጉራቸውንም አሳምራ የምትሸኝ ሴት ነበረች። ከሕመሙ በኋላ ቃሉ ይጣመምባት ጀመር። ውሃ ልትል በር ትላለች። በር እንዳለች ደግሞ ራሷ ትሰማዋለች፣ ክፋቱ እሱ ነው።

አንቺ ስትደውዪ ከፍቅርሽ የተነሣ ቃሏን ትጨርሽላታለሽ። “ደ...” ስትል “ደህና ነኝ ነው? ደከመኝ ነው? ዶክተሩ መጣ ነው?” ትያታለሽ። ያን ጊዜ ስልኩን ወደ እኔ ትገፋዋለች። አንቺም ጥያት በመሄዴ ተቀይማኛለች ብለሽ አለቀስሽ። አልተቀየመችም። እኔም ካንቺ አልሻልም ነበር። አፏን ገና ስትከፍት ትራሱን አስተካክላለሁ፣ ውሃውን አቀርባለሁ፣ መስኮቱን እዘጋለሁ። እየቆየች አፏን መክፈቱንም ተወችው። እኔ ግን ጎበዝ አስታማሚ የሆንኩ መስሎኝ ነበር።

አንድ ቀን ጠዋት በግራ እጇ ማሰሪያውን ፈታችና የቀኙን ኮንትሮለር ወረወረችው። የአልጋውን ብረት መትቶ ለሁለት ተሰነጠቀ። አንቺን “ወደቀ” ነበር ያልኩሽ። ሳልጠይቅሽ ተጨማሪ ጥንድ ላክሽልን፣ እግዜር ይስጥልኝ።

ዕድሜዬን ሙሉ ሊፍት ስጠግን የኖርኩ ሰው፣ አዲሱን ኮንትሮለር ከመነጽሩ ጋር ማጣመር አያቅተኝም ብዬ ተቀመጥኩ። መነጽሩ አንድ ቀኝና አንድ ግራ ብቻ ነው የሚቀበለው። ስለዚህ መጀመሪያ ስልኩ ላይ ካለው አፕ የተሰበረውን ቀኝ ሰረዝኩ። ከዚያ አዲሱ ላይ ሁለት ቁልፎችን አንድ ላይ ተጭኖ መብራቷ ብልጭ ብልጭ እስክትል መጠበቅ ነው። ተጫንኩ። ምንም የለም። ጣቴ ወፍራም ስለሆነ ጎረቤቱን ቁልፍ ነክቼ ይሆናል ብዬ በጥፍሬ ተጫንኩ። መነጽሩን አጥፍቼ አበራሁት። ስልኩንም አጠፋሁ። ኮንትሮለሩን ጆሮዬ ላይ አድርጌ ነቀነቅሁት፤ ለሊፍት የሚሠራ ዘዴ ነው፣ ለዚህ አልሠራም። እናትሽ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ ታየኛለች። አፏ ተከፍቶ ተዘጋ። እኔ ቶሎ ብዬ፣ ደክሞሽ ከሆነ ጋደም በይ አልኳት።

ተነሥታ ግድግዳውን እየተደገፈች መጣች። ከባትሪው ክዳን ሥር ብቅ ያለች ቀጭን ላስቲክ ነበረች፤ ባትሪው በመንገድ እንዳያልቅ ፋብሪካው የሚሸጉጣት ናት። በግራ እጇ ይዛ ሳበቻት። ቁልፎቹን ስጫን መብራቷ ብልጭ አለች፣ ኮንትሮለሩም እጄ ውስጥ ነዘረ። ተጣመረ። እናትሽ አየችኝ። ያን አስተያየቷን ታውቂዋለሽ፣ አልገልጸውም።

በማግስቱ ባለሙያዋ መጥታ አዲሱን አሰረችላት፣ ለረጅም ጊዜ ሞከሩ። ስትወጣ እስከ ደረጃው አስከተለችኝና በሩን ገርበብ አድርጋ፣ “አባባ፣ እውነቱን ልንገርዎት። ቀኝ እጃቸው ከዚህ ብዙ አይሻሻልም። ከእንግዲህ ግራውን ብናጠነክር ይሻላል” አለችኝ። አመስግኜ ሸኘኋት። ደረጃው ላይ ያለው አምፖል ይርገበገባል፣ ሊቃጠል ነው። እሱን ጥቂት ቆሜ አየሁና ገባሁ።

ስገባ እናትሽ መነጽሩን እንዳጠለቀች ነው። ግራው ኮንትሮለር እጇ ላይ ነው፣ የቀኙን ፈትታ ብርድ ልብሱ ላይ አስቀምጣዋለች። ደረጃው ላይ የተባለውን ሰምታ እንደሆነ እስካሁን አልጠየቅኳትም። እርምጃዬን ስትሰማ ግራውን ጉልበቷ ላይ አኖረች፣ የቀኙን በዳበሳ አንሥታ ዘረጋችልኝ። የት እንደቆምኩ ስለማታይ የዘረጋችው ወደ ቁም ሣጥኑ ነበር። ዞሬ ሄጄ ተቀበልኳት፣ አጠገቧም ተቀመጥኩ።

እንግዲህ አስቢው። መነጽሩ ያለው እሷ ዓይን ላይ ነው፣ ቀኝ እጁ ያለው እኔ ጋ። እሷ ጠረጴዛውንም ኩባያውንም ታያለች። እኔ የማየው የራሳችንን ግድግዳ ነው። እጄን ዘረጋሁ። ምን እንደነካሁ አላውቅም፣ እሷ ግን ትንፋሿን ዋጥ አደረገች። እንደገና ዘረጋሁ። አንድ ነገር ሳልጥል አልቀረሁም መሰለኝ፣ ትከሻዬን በክርኗ ጎሸም አደረገችኝና፣

“ዕውር ነህ እንዴ?” አለች።

ጥርት ያለ አነጋገር ነው። አንድም ፊደል አልተዛነፈም።

እኔ ብዙ የምለው ነበረኝ። ግን ካወራሁ የሚበላሽ መሰለኝና፣ “አዎ፣ አይታየኝም። ንገሪኝ” ብቻ አልኳት።

“በር” አለች። ላይ ማለቷ ይሁን ታች አላወቅሁም፤ ስለዚህ እጄን አላንቀሳቀስኩም። ጠበቅሁ። እንደ በፊቱ ቢሆን ቃሉን እኔ እጨርስላት ነበር፤ አሁን ልጨርስ ብል እንኳ ከየት አምጥቼ? የምታየውን አላይም። ቆየች። ከንፈሯ ሲንቀሳቀስ ከጎን አያለሁ። “ላ... ላይ” አለች። ወደ ላይ አነሣሁ። “ወዲህ።” አመጣሁ። “ልቀቅ።” ለቀቅሁ። የመጀመሪያው ኩባያ መደርደሪያው ላይ ተቀመጠ። እኔ አላየሁትም፣ ከትንፋሿ ነው ያወቅሁት።

ለእኔ አዲስ ሥራ አይደለም። ሊፍት ስንጠግን እኔ ጉድጓዱ ውስጥ ሆኜ፣ ጓደኛዬ ከላይ ሆኖ፣ በሱ ዓይን ነበር የምሠራው። ከላይ ያለው ሳይናገር ከታች ያለው አይንቀሳቀስም፣ እጁ ይቆረጣል። እናትሽ ከዚያ ጓደኛዬ የምትለየው በስድቧ ብቻ ነው።

ከዚያ ወዲህ በየቀኑ ከቁርስ በኋላ እንቀመጣለን። ግራው የሷ ነው፣ ቀኙ የእኔ። ስልክሽ ላይ የሚደርስሽ ውጤት የአንድ ሊፍት ጠጋኝ ክንድ ነው፤ በዚህ ዕድሜው ባይከፋም ተአምር አይባልም። ባለሙያዋ ስታየን መጀመሪያ ሳቀች፣ ቀጥሎ ወንበር ስባ ተቀምጣ እናትሽን አዳመጠቻት። ማስታወሻ ይዛም ሄደች። በሚመጣው ሳምንት የንግግር ሐኪም ይዛ ትመጣለች። እጁን በተመለከተ የተናገረችውን አልቀየረችም፣ እኔም ድጋሚ አልጠየቅኳትም።

ቃሉ ሁሉ ተመለሰ እያልኩሽ አይደለም። አሁንም ውሃ ልትል በር የምትልበት ቀን አለ። ያን ጊዜ ቆሜ እጠብቃለሁ። አንዳንድ ቀን ጥበቃው ያደክማታል፣ ትተኛለች። ትናንት ግን መነጽሩን አውልቃ፣ ኩባያም መደርደሪያም በሌለበት፣ ሸሚዝህ ቆሽሿል አለችኝ። እውነቷን ነው።

ይህን ልጽፍልሽ እንደሆነ ነገርኳት፣ ደስ ካላላት እንደምተወውም ነገርኳት። ረጅም ጊዜ አሰበችና “ጻፍ” አለች።

ስለ ፈቃድሽ አልመክርሽም፣ አንቺ ታውቂያለሽ። ለእጇ ብለሽ ከሆነ የምትጠብቂው፣ የሚጠበቅ ነገር የለም፤ እሱን ማወቅ አለብሽ። ክፍልሽ ውስጥ መሰላሌንና የመሣሪያ ሣጥኔን አስቀምጬ ነበር፤ ባለፈው ሳምንት ወደ በረንዳ አወጣኋቸው። የመስኮቱንም ማጠፊያ ዘይት ቀባሁት። እንዲያው ሥራ ስፈታ ነው።

ጤና ይብዛልሽ። የሠራሽው ይቃናልሽ፣ ከፊትሽ ያለው ሰው ሁሉ ፊቱን ያብራልሽ። የወለደችሽ እናት በገዛ አንደበቷ ስምሽን ጠርታ ትመርቅሽ፤ እኔ ከዚያ የሚበልጥ ምርቃት አላውቅም።

እሑድ ስትደውዪ ስልኩን የምታነሣው እሷ ናት። ራሷ ነው ያለችው። አታፋጥኛት፣ ቃሏንም አትጨርሽላት። ምንም ባትሰሚ መስመሩ ተቋርጧል ብለሽ እንዳትዘጊው። አልተቋረጠም፤ እናትሽ ወደ ቃሉ እየሄደች ነው።

አባትሽ